ከቬትናም ልጅ በጉዲፈቻ ለመቀበል ለሚጓዙ ቤተሰቦች፦ ከሰነድ ዝግጅት እስከ ቤት መመለስ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በአሜሪካ ለሚኖሩና ከቬትናም ልጅ በጉዲፈቻ ለመቀበል ለወሰኑ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ነው። ኢትዮጵያ በጥር 2010 ዓ.ም. ለውጭ አገር ዜጎች ጉዲፈቻ መስጠት ካቆመች ወዲህ ፊታቸውን ወደ ሌላ አገር ያዞሩ ቤተሰቦች አሉ። እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ጉዳያቸው ሲጓተት መዘግየቱ ሃኖይ ያለ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ሥራውን በብዛት የሚያሰናክለው እዚሁ ቤት ውስጥ የተዘጋጀ ሰነድ፣ ከሌላው ወረቀት ጋር ያልተስማማ ስም ወይም ቀን፣ አለዚያም ከተራው ቀድሞ የተወሰደ እርምጃ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች ቅደም ተከተላቸውን ሳያዛቡ ይከተሉ።

1. ለማመልከት ብቁ መሆንዎን ያረጋግጡ

ከባልና ሚስቱ ቢያንስ አንዱ የአሜሪካ ዜጋ መሆን አለበት፤ ሌላው ደግሞ በአሜሪካ የሚኖር ከሆነ ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ሁለቱም የግሪን ካርድ ባለቤት ብቻ ከሆኑ ይህ መንገድ አይከፈትላቸውም፤ ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት አንዳቸው የዜግነት ጉዳያቸውን ይጨርሱ። ያላገባ ዜጋ ለአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የሚገባውን የመጀመሪያ ቅጽ (አይ-800ኤ) ለማስገባት 24 ዓመት፣ ሁለተኛውን (አይ-800) ለማስገባት ደግሞ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት።

የቬትናም ሕግ በበኩሉ አሳዳጊው ከልጁ ቢያንስ በ20 ዓመት እንዲበልጥ፣ ልጁን ለማሳደግ የሚያበቃ ጤና፣ ገቢና መኖሪያ እንዲኖረው ይጠይቃል። ልጁ ከ16 ዓመት በታች መሆን ይኖርበታል።

ለአሜሪካ ቤተሰቦች የተከፈተው መንገድ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 የተጀመረው ልዩ ፕሮግራም ሲሆን፣ የሚመለከተውም ልዩ የጤና ፍላጎት ያላቸውን፣ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ልጆች እንዲሁም በአንድነት መሄድ ያለባቸውን ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ነው። ጤናማ አራስ ልጅ ጠብቀው የሚገቡ ቤተሰቦች ይህን አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል፤ ሐሳባቸው ከዚህ የተለየ ከሆነ አሁኑኑ ቢተዉት ለልጁም ለእነርሱም ይሻላል።

ሥራው የሚካሄደው በሁለቱም መንግሥታት ፈቃድ በተሰጠው ኤጀንሲ በኩል ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ሲጀመር ፈቃድ ያገኙት ሆልት ኢንተርናሽናል እና ዲሎን ኢንተርናሽናል ነበሩ። ውል ከመፈረምዎ በፊት በአሁኑ ጊዜ ፈቃድ ያለው የትኛው እንደሆነ ከአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የጉዲፈቻ ገጽ ላይ ያረጋግጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ በቬትናም የሚኖር ወዳጅ ወይም የሥራ ባልደረባ «ልጅ አፈላልግላችኋለሁ» ቢልዎ አይቀበሉ። ከልጁ ወላጆች ወይም ከአሳዳጊው ተቋም ጋር ከተራው ቀድሞ መገናኘት ብቻውን ማመልከቻዎን ሊያስከለክል ይችላል።

2. የቤተሰብ ጥናቱን ያለ ክፍተት ያስጨርሱ

ሆም ስተዲ የሚባለውን ጥናት የሚያካሂደው ፈቃድ ያለው ማኅበራዊ ሠራተኛ ነው። ቢያንስ 10 ሰዓት የሚወስድ የወላጅነት ሥልጠናም በዚሁ ወቅት ይወስዳሉ።

እዚህ ላይ የእኛ ቤተሰቦች የሚሰናከሉባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው በቤቱ የሚኖር ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ሰው ሁሉ በጥናቱ ውስጥ መካተት ያለበት መሆኑ ነው። ከእርስዎ ጋር የሚኖሩ እናትዎ፣ ኮሌጅ እየተማረ አብሮ የሚኖር የእኅትዎ ልጅ፣ የታችኛውን ክፍል የተከራየ የአገር ልጅ ሁሉም አሻራ ይሰጣሉ፤ ምርመራም ይደረግባቸዋል። ጥናቱ ካለቀ በኋላ አያት ከአዲስ አበባ መጥተው አብረው መኖር ቢጀምሩ፣ ያን ዕለት ለማኅበራዊ ሠራተኛው ያሳውቁ፤ ጥናቱ መታደስ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ከ18 ዓመት ዕድሜ በኋላ የኖሩባቸውን አገሮች ሁሉ መዘርዘር ነው። በኢትዮጵያ፣ በሱዳን ወይም በኬንያ የስደት ጊዜ ያሳለፈ፣ በሳዑዲ ዓረቢያ ወይም በቤይሩት የሠራ ሰው አገሩንና ዓመቱን ያስመዘግባል፤ በየአገሩ በሕፃናት ላይ የተፈጸመ በደል የሚመዘገብበት መዝገብ ካለ ከዚያ ማረጋገጫ ይጠየቃል፤ ከሌለ ደግሞ አለመኖሩ በጥናቱ ላይ በግልጽ ይጻፋል። ጊዜው አጭር ነው ብለው አንድም አገር አይዝለሉ፤ በስደት ወይም በዜግነት ማመልከቻዎ ላይ የጻፉት ታሪክ በመንግሥት ፋይል ውስጥ አለና ልዩነቱ ይታያል።

ሦስተኛው የቀድሞ እስር ወይም ክስ ነው። ክሱ የተሰረዘ፣ የተዘጋ ወይም በይቅርታ ያለፈ ቢሆንም እንኳ ይነገራል። የትራፊክ ጥፋትም ቢሆን እስር ከነበረበት የፍርድ ቤቱን ወረቀት ያያይዙ። ብዙ ዓመት ያለፈው ጥፋት አብዛኛውን ጊዜ ጉዲፈቻውን አያስቀርም፤ መደበቁ ግን ያስቀራል።

3. ስምና ቀን የሚያስማማ አንድ ገጽ ያዘጋጁ

ከሁሉም ደረጃ በላይ ለዚህኛው ጊዜ ይስጡ። የአሜሪካም ሆነ የቬትናም ቅጾች የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር አለ ብለው ይነሣሉ፤ የእኛ ሥርዓት ግን የልጅን ስም፣ የአባትን ስም፣ የአያትን ስም ያስከትላል፣ ሚስትም የራሷን አባት ስም እንደያዘች ትኖራለች። በዚህም ምክንያት የባልና የሚስት የመጨረሻ ስም አይገጥምም፤ በቤት ያለው ልጅ የመጨረሻ ስም ደግሞ ከሁለቱም ይለይ ይሆናል። የቬትናም ሴቶችም ሲያገቡ ስማቸውን ስለማይለውጡ የባልና የሚስት ስም መለያየት በራሱ በቬትናም ጉዳዩን የሚያየውን የፍትሕ መምሪያ ሠራተኛ አያስደነግጥም፤ የሚያስቸግረው የአንዱ ሰው ስም በተለያዩ ወረቀቶች ላይ በተለያየ አጻጻፍ መገኘቱ ነው።

የሚከተለውን በቅደም ተከተል ያድርጉ፦

1. ፓስፖርት፣ የዜግነት ወረቀት፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የግብር ወረቀት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይደርድሩ።
2. የእያንዳንዱን ሰው ስም በየወረቀቱ በላቲን ፊደል እንደተጻፈ ሳይለውጡ በአንድ ገጽ ላይ ይገልብጡ።
3. የፓስፖርቱን አጻጻፍ ዋና አድርገው ይያዙ። ከዚያ የሚለየውን ወረቀት ማስተካከል ከተቻለ ያስተካክሉ፤ ካልተቻለ ደግሞ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ቃለ መሐላ በኖታሪ ፊት ይፈርሙ።
4. የሚመጣው ልጅ የሚይዘውን ስም ከነአጻጻፉ አሁኑኑ ይወስኑ፤ በኋላ በሚሞሉት ቅጽ ሁሉ ያው ስም ይግባ።

ቀኖቹን ደግሞ ለየብቻ ይመርምሩ። ከኢትዮጵያ የመጣ የጋብቻ ወረቀት ጥር 1999 ዓ.ም. የሚል ከሆነ በትርጉሙ ላይ 2007 ተብሎ ሊገኝ ይገባል። ተርጓሚው ዘመኑን ሳይለውጥ 1999 ብሎ ከተወው ትዳርዎ በስምንት ዓመት ያረጀ ይመስላል፤ ከኢሚግሬሽን ፋይልዎ ጋርም ይጋጫል። ቬትናም ቀንን ከወር አስቀድማ እንደምትጽፍ፣ አሜሪካ ደግሞ ወርን እንደምታስቀድምም ያስታውሱ፤ በሚችሉበት ቦታ ሁሉ ወሩን በቃል ያስጽፉ።

በቤተ ክርስቲያን ወይም በኒካ ተጋብተው የመንግሥት የጋብቻ ምስክር ወረቀት ያላወጡ ጥንዶች፣ ያለዚያ ወረቀት እንደ ባልና ሚስት ማመልከት ስለማይችሉ ይህን ሳይጨርሱ ወደ ቀጣዩ ደረጃ አይሂዱ።

4. የመጀመሪያውን ቅጽና የቬትናሙን ፋይል ያስገቡ

ቅጽ አይ-800ኤ ቤተሰቡ ለጉዲፈቻ ብቁ መሆኑን የሚያስወስን ማመልከቻ ነው። አብሮት የሚላከው የቤተሰብ ጥናት ሲገባ ከስድስት ወር በላይ ያስቆጠረ መሆን የለበትም። ፈቃዱ ሲመጣ ለ15 ወራት ያገለግላል፤ የሚያበቃበትን ቀን ይመዝግቡና ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ያለውን ቀንም አብረው ምልክት ያድርጉበት። ማራዘሚያው የሚጠየቀው በዚያ የ90 ቀን መስኮት ውስጥ፣ ፈቃዱ ሳያልፍ ነው። ካለፈ ሥራው ከመጀመሪያ ይጀመራል።

ወደ ቬትናም የሚሄደው ፋይል ማመልከቻውን፣ የፓስፖርት ቅጂ፣ የአሜሪካን መንግሥት ፈቃድ፣ የቤተሰብ ጥናቱን፣ የጤና ምስክር ወረቀት፣ የወንጀል ነጻ ማረጋገጫ፣ የገቢና የንብረት ሰነድ እንዲሁም የጋብቻ ምስክር ወረቀትን ይይዛል። ፋይሉን የሚቀበለው ሃኖይ በሚገኘው የፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው ጉዲፈቻን የሚመለከተው መምሪያ ነው።

ለቬትናም ሰነድ የሚረጋገጥበት የተለመደው ሰንሰለት ኖታሪ፣ የስቴት ጽሕፈት ቤት፣ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በመጨረሻም የቬትናም ኤምባሲ ነው። የማረጋገጫ ደንብ ስለሚለዋወጥ ሰነድዎን በሚልኩበት ወቅት የሚሠራው ሰንሰለት የትኛው እንደሆነ ኤጀንሲውን በጽሑፍ ይጠይቁ። የማኅተም ገጹን ከሰነዱ አይንቀሉ፤ ለኮፒ ሲባል እንኳ ስቴፕሉን የፈቱት ወረቀት ዋጋውን ያጣል።

5. የልጁ ፋይል ሲደርስዎ በሐኪም ያስመርምሩት

የቀረበልዎ ልጅ ፋይል ፎቶግራፍ፣ የጤና ታሪክና ልጁ የሚኖርበትን የሕፃናት ማሳደጊያ ዘገባ ይይዛል። ፎቶግራፉን ለዘመድ አይላኩ፤ በማኅበራዊ ሚዲያም አይለጥፉ። ልጁ ገና የእርስዎ አይደለም፤ ምስጢሩም የእርሱ ነው።

ፋይሉን የጉዲፈቻ ልጆችን ሁኔታ ለሚያውቅ የሕፃናት ሐኪም ይስጡ፣ የሐኪሙንም ጥያቄዎች በኤጀንሲው በኩል ይላኩ። የልብ ሕመም ከተጻፈ የልብ አልትራሳውንድ ውጤት መኖር አለመኖሩን፣ የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ ከተጻፈ ስንት ቀዶ ሕክምና እንደተደረገና ልጁ እንዴት እንደሚመገብ፣ የመስማት ችግር ከተጻፈ በምን እንደተለካ ይጠይቁ። የኤችአይቪ ወይም የሄፓታይተስ ቢ ውጤት የተመረመረበትን ቀን ይጠይቁ።

አቅማችሁ እንደማይችል ከተረዳችሁ በዚህ ደረጃ ላይ «አንችልም» ማለት ነውር የለውም። የቤተሰቡን ኃፍረት ለመሸፈን ተቀብሎ በኋላ ልጁን መመለስ ግን በልጁ ላይ የሚፈጸም ከባድ በደል ነው።

6. ሁለተኛውን ፈቃድ ሳያገኙ አይንቀሳቀሱ

ልጁን ከተቀበሉ በኋላ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ይህን ልጅ ለመቀበል የሚያመለክተው ቅጽ አይ-800 ይገባል፤ ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጣል፤ የልጁ የቪዛ ማመልከቻ ይቀርባል፤ የአሜሪካ ቆንስላ ፋይሉን መርምሮ፣ የአገር ለአገር ጉዲፈቻን በሚመራው የሄግ ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ሥራው ሊቀጥል እንደሚችል የሚገልጸውን የአንቀጽ 5 ደብዳቤ ለጉዲፈቻ መምሪያው ይልካል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የክፍለ ሀገሩ ሕዝባዊ ኮሚቴ (የክፍለ ሀገሩ አስተዳደር) ጉዲፈቻውን ይወስናል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከጊዜያዊ ፈቃዱ በፊት ጉዲፈቻውን ማስፈጸም ወይም ልጁን በአደራ መረከብ ቅጹን ያስከለክላል፤ ልጁም በሕግ የእርስዎ ሆኖ ወደ አሜሪካ መግባት የማይችል ይሆናል። ልጁ ታምሟል የሚል ወሬ ቢሰሙም ትኬት ቆርጠው አይሂዱ፤ ለኤጀንሲው ደውለው ሕክምና እንዲያገኝ ይጠይቁ።

7. የጉዞ ጥሪው ሲመጣ

የክፍለ ሀገሩ የፍትሕ መምሪያ መጥታችሁ ልጁን ተረከቡ ብሎ ካስታወቀበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ቬትናም መገኘት ግዴታ ነው። በቂ ምክንያት ካለ ሊራዘም ይችላል፤ ጠቅላላው ግን ከ90 ቀን አያልፍም፤ ካለፈ ውሳኔው ይሻራል። ስለዚህ ከአሠሪዎ ጋር ስለ ፈቃድ የሚነጋገሩት ጥሪው ከመጣ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ነው።

ባልና ሚስት ሁለታችሁም ተጓዙ። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት አንዱ ከቀረ ለሌላው ሕጋዊ ውክልና መስጠት አለበት፤ ውክልናውም እንደሌሎቹ ሰነዶች በሰንሰለቱ አልፎ የተረጋገጠ ይሁን። እርግዝና ወይም ሕመም በመጨረሻው ሳምንት ጉዞውን ሊከለክል ስለሚችል፣ ሁለታችሁም እንደምትሄዱ እርግጠኛ ብትሆኑም ውክልናውን አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

ለራሳችሁ የምታወጡት የቬትናም ኢ-ቪዛ እስከ 90 ቀን ያገለግላል። በአሜሪካ ፓስፖርትም በኢትዮጵያ ፓስፖርትም ማመልከት ይቻላል፤ ስሙ ግን በፓስፖርቱ ማሽን በሚያነበው መስመር እንዳለው ፊደል በፊደል ይሞላ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዘው ሰው ወደ አሜሪካ መመለሻ ግሪን ካርዱ ያላለፈበት መሆኑን ያረጋግጥ።

የመመለሻ ትኬቱ ቀኑ የሚለወጥ ይሁን። ገንዘብን በተመለከተ ከ5,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ቬትናም የሚገባ ሰው ለጉምሩክ ያስመዘግባል። ክፍያ ሁሉ በኤጀንሲው በኩል በደረሰኝ ይፈጸም፤ «ለማሳደጊያው ስጦታ» ተብሎ በእጅ የሚጠየቅ ገንዘብ ቢያጋጥምዎ አይስጡ፤ ለኤጀንሲው ተወካይ በዚያው ዕለት ያሳውቁ።

በእጅ ሻንጣ የሚያዘው ዋናው ሰነድ ሁሉ፣ ሁለት ቅጂው እና ለልጁ ልኩ የሚገመት ልብስ ነው። ሰነድ ከአውሮፕላኑ ሆድ በሚገባ ሻንጣ ውስጥ አይግባ።

8. በክፍለ ሀገሩ፦ ልጁን መገናኘትና የርክክብ ሥነ ሥርዓቱ

ሥነ ሥርዓቱ የሚፈጸመው በክፍለ ሀገሩ የፍትሕ መምሪያ ሲሆን፣ የመምሪያው ሹም፣ የማሳደጊያው ተወካይ፣ ልጁና እናንተ ትገኛላችሁ። ንጹሕና ጨዋ ልብስ ይልበሱ፤ ልጁን ለምን መቀበል እንደፈለጉ ቢጠየቁ የሚሉትን በአጭሩ አስበው ይምጡ። ዕድሜው ዘጠኝ ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ የራሱ ፈቃድ ይጠየቃል።

ከማሳደጊያዋ ሞግዚት ጋር ለመነጋገር አስተርጓሚውን ይዘው ጊዜ ይውሰዱ፤ ይህ ዕድል ተመልሶ አይመጣም። ልጁ ሌሊት በምን እንደሚተኛ፣ ሲያለቅስ በምን እንደሚባበል፣ ምን እንደሚበላ፣ ምን መድኃኒት በምን ሰዓት እንደሚወስድ፣ በቤት የሚጠራበት ስም ምን እንደሆነ ይጠይቁና ይጻፉ። ሞግዚቷ «ውሃ»፣ «ራበኝ»፣ «አመመኝ»፣ «ሽንት ቤት»፣ «እዚህ ነኝ» የሚሉትን ቃላት በቬትናምኛ እየተናገረች በስልክዎ ይቅዱ። ቬትናምኛ በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉሙ የሚለወጥ ቋንቋ ስለሆነ በጽሑፍ ያጠኑት ቃል ለልጁ ላይገባው ይችላል።

ከመፈረምዎ በፊት በውሳኔው፣ በርክክቡ ቃለ ጉባኤና በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ የልጁን ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የእናንተን ስምና የፓስፖርት ቁጥር ቀደም ሲል ካዘጋጁት ገጽ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ። ስሕተት ካገኙ ሳይፈርሙ በትሕትና ያሳዩ፤ በዚያው ቢሮ በሰዓታት የሚስተካከለው ስሕተት ሃኖይ ከደረሱ በኋላ ወደ ክፍለ ሀገሩ ያስመልሳል።

ልጁ ቢጮኽ፣ ፊቱን ቢያዞር ወይም ፈጽሞ ዝም ቢል አይደንግጡ። የሚያውቀውን ሁሉ በአንድ ቀን እያጣ ነው። በግድ አይቀፉት፤ ከአጠገቡ ዝቅ ብለው ይቀመጡ፣ የለመደውን ምግብ ያቅርቡለት፣ ከማሳደጊያው የያዘውን ጨርቅ ወይም ልብስ ቢቆሽሽም አይጠቡት። እናትን ተቀብሎ አባትን ወይም አባትን ተቀብሎ እናትን ቢገፋ የተገፋው ሰው አይቆጣ፤ ምግብና ውሃ የሚያቀርበው እርሱ ይሁን።

ትኩሳት፣ ተቅማጥ ወይም የመተንፈስ ችግር ካዩ ግን እስኪለምድ ነው እያሉ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይውሰዱት።

9. የልጁ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና ቪዛ

ከርክክቡ በኋላ የልጁ የቬትናም ፓስፖርት ይወጣል፤ ጉዲፈቻው በሄግ ስምምነት መሠረት መፈጸሙን የሚገልጸው የአንቀጽ 23 ማረጋገጫም ይሰጣል። ይህ ማረጋገጫ ከሌለ ቪዛ የለም፤ ዋናውን ተረክበው በላዩ ያሉትን ስሞች ይመርምሩ።

የጤና ምርመራው የሚደረገው ቆንስላው በመረጣቸው ሐኪሞች ብቻ ነው። ዕድሜው ከ2 እስከ 14 ዓመት የሆነ ልጅ ለሳንባ ነቀርሳ የደም ምርመራ ይደረግለታል። ውጤቱ አጠራጣሪ ከሆነ የደረት ራጅ ይታከላል፤ የአክታ ካልቸር (ጀርሙን በቤተ ሙከራ የማሳደግ ምርመራ) ከታዘዘ ግን ውጤቱ እስከ ስምንት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ይህ ሲያጋጥም አንዱ ወላጅ ከልጁ ጋር ይቆያል፤ ሌላው ወደ ሥራውና በቤት ወደቀሩት ልጆች ይመለሳል። ማን እንደሚቆይ ከአሜሪካ ሳትነሡ ተስማሙ።

ከ10 ዓመት በታች ላለ የጉዲፈቻ ልጅ ክትባቱ አሜሪካ ከገባ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጠው ወላጆች ቃለ መሐላ ፈርመው ማስተላለፍ ይችላሉ። የታመመ ወይም የደከመ ልጅን በአንድ ቀን ብዙ መርፌ ከማስወጋት ይህን ይምረጡ።

ቆንስላው የታሸገ ፖስታ ከሰጠዎ አይክፈቱት፤ ለአሜሪካ የድንበር ሠራተኛ እንደታሸገ ይሰጣል።

10. መመለስና የመጀመሪያዎቹ ወራት

በቀጥታ ወደ አሜሪካ ይመለሱ። ልጁን ለአያቶቹ ለማሳየት በአዲስ አበባ በኩል መዞር ያጓጓል፤ ነገር ግን ልጁ በዚያን ጊዜ የቬትናም ፓስፖርት ያለው መንገደኛ ነው፤ ኢትዮጵያ ለመግባት የራሱ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የአሜሪካ ቪዛውም ቢበዛ ለስድስት ወር ብቻ የሚያገለግል ነው። በመሸጋገሪያ አገር ማደር የሚያስፈልግ በረራም አይምረጡ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ለመውጣት ልጁ ቪዛ ሊጠየቅ ይችላል።

ጉዲፈቻው በቬትናም የተጠናቀቀና የአይኤች-3 ቪዛ የያዘ ልጅ ከዜጋ ወላጁ ጋር ለመኖር አሜሪካ ሲገባ ዜግነት ያገኛል፤ የዜግነት ምስክር ወረቀቱም በፖስታ ይላካል። ወረቀቱ በወቅቱ ካልደረሰ ወይም ስሙ ከተሳሳተ ዝም አይበሉ፤ በጽሑፍ ያስተካክሉ። በቬትናም ሕግ ልጁ የቬትናም ዜግነቱንም ይዞ ስለሚቆይ የመጀመሪያ ፓስፖርቱን አይጣሉት።

ዘመድና የማኅበር አባላት በአውሮፕላን ማረፊያ በእልልታ መቀበል፣ በማግሥቱም ቤት ሞልቶ ድግስ ማድረግ ወጋችን ነው። ለዚህ ልጅ ግን ድግሱን ለጥቂት ወራት ያቆዩ። እስከዚያ የሚያበላው፣ የሚያጥበውና የሚያስተኛው እናትና አባት ብቻ ይሁኑ፤ ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ልጁን ከእጅ ወደ እጅ አያዙረው። ሊረዱ ለሚፈልጉ ወዳጆች ወጥ ሠርተው እንዲያመጡ ወይም ትልልቆቹን ልጆች ከትምህርት ቤት እንዲያመጡ ይንገሯቸው። ምግብም እንዲሁ ነው፦ ሩዝና የሩዝ ሾርባ ለብዙ ሳምንታት ዋናው ይሁን፤ እንጀራ በጥቂቱ ከገበታው ላይ ይቅረብለት፤ በርበሬ ይቆየው። ወተት ሆዱን ከነፋው ወይም ካስቀመጠው አቁመው ለሐኪም ይንገሩ።

የመጨረሻው ግዴታ የሚረሳው ነው። የቬትናም ሕግ ጉዲፈቻው ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ ለሦስት ዓመት በየስድስት ወሩ ስለ ልጁ ጤና፣ ዕድገትና ከቤተሰቡ ጋር ስላለው ትስስር ለፍትሕ ሚኒስቴሩና በምትኖሩበት አገር ላለው የቬትናም ኤምባሲ ሪፖርት እንዲላክ ያዛል። ይህም ስድስት ሪፖርት ነው። ስድስቱንም ቀኖች ከአውሮፕላን በወረዳችሁበት ሳምንት በስልካችሁ መዝግቡ፤ ከየቀኑ አንድ ወር ቀደም ብላችሁም ከሐኪሙ የጤና ወረቀት፣ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ፣ የቅርብ ጊዜ ፎቶግራፎች ሰብስባችሁ ለኤጀንሲው ላኩ። የቤት አድራሻ ከለወጣችሁ አዲሱን አድራሻ በሚቀጥለው ሪፖርት ላይ ሳይሆን በለወጣችሁበት ወር ለኤጀንሲው አሳውቁ።